ሸንኮራ በሙዚየሙ ግቢ

ወይዘሮ ፋናዬ ስዊድን ከመግባታቸው በፊት በወንጂ የታሪክ መምህርት ነበሩ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 በጋ አንድ አነስተኛ የስቶክሆልም ሙዚየም ለሙከራ አስጎብኚ አድርጎ ቀጠራቸው። በቋሚነት መቀጠራቸው የሚወሰነው የስኳርንና የባርነትን ታሪክ በሚያስጎበኙበት ቅዳሜ ነበር።

ፋናዬ ጎብኚዎቹን በግቢው ሰበሰቡና እንደ አገራቸው ወግ ሸንኮራ ልጠው ለእያንዳንዱ አደሉ። ከዚያም ከአፍሪካ ተግዘው በካሪቢያን ደሴቶች ሸንኮራ ሲቆርጡ ስላለቁት ባሪያዎች ተረኩ፤ ስዊድንም በዚያው ባሕር በነበራት ደሴት ሰው ይሸጥ እንደነበር ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ።

«ጥያቄ ያለው?» አሉ በመጨረሻ።

ማንም አልተነፈሰም። የሙዚየሙ ኃላፊ ጉንኔል እንኳ ዐይኗን አፍጥጣ ዝም አለች። ፋናዬ «በቃ፣ ስዊድንኛዬ አልገባቸውም፤ ሥራዬም ቀረ» ብለው ደነገጡ።

ሊያበረታታቸው ከሚኖሩበት የከተማው ዳርቻ ከአካላ አብሯቸው የመጣው ጎረቤታቸው አድነው ግን በሳቅ ፈነዳ።

«እትዬ፣ አፋቸውን እኮ ለጎሙባቸው! ጉንጫቸውን አያዩም? የተመጠጠውን ትፉ ያላቸው የለም!»

«አንተ ደግሞ፣ ቀደም ብለህ አትነግረኝም?»

በሰው ፊት መትፋት ለስዊድናውያን ታላቅ ነውር ነው። ፋናዬ ግን ወደ አበባው መደብ ዞረው፣ ጮክ ብለው «እንትፍ!» አሉ። ጉንኔል ተከተለች፤ ሌሎቹም። ወዲያው ጥያቄው እንደ ዝናብ ወረደ፤ እስከ መዝጊያ ሰዓትም አላባራም።

ጉንኔል አፏን እየጠረገች፣ እንደ አገሯ ልማድ አንቺ ብላ፣ «ፋናዬ፣ ሰኞ ነይና ቋሚ ውል እንፈራረም» አለች። «ለሚቀጥለው ጉብኝት ባልዲ እኔ አመጣለሁ።»