ያልያዝሁት ዓሣ

አባቴ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ከተጠገነም በኋላ አራት ወር ያህል ከቤት መውጣት አልቻሉም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ሥራ ሲፈታ ከሕመሙ ይልቅ እሱ ይጎዳቸዋል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሹም አቦ ሰፈር ባለው ቤታችን የቀረነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። እኔ ኮሌጅ ውስጥ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ወጥቼ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ እዚያው የተውኋቸው ቦታ ተቀምጠው አገኛቸው ነበር። አንድ ቀን ስገባ ሬዲዮኑን ብሎን በብሎን ፈታተው አልጋው ላይ ዘርግተውታል።

«ተበላሽቶ ነው?» አልኋቸው።

«የለም፣ ደህና ነበር» አሉኝ፤ ቀና ብለውም አላዩኝ።

በማግስቱ በኮሌጁ ዋይፋይ አንድ የዓሣ ማጥመድ ጨዋታ በስልኬ ጫንሁ፤ ማታ በእሳቸውም ስልክ አስገባሁላቸው። ጨዋታው ቀላል ነው። ሐይቅ ይመረጣል፣ የመንጠቆው ምግብ ይመረጣል፣ መንጠቆው ይጣልና ይጠበቃል። የተያዘው ዓሣ አልበም ውስጥ ይገባል። አልበሙ ስድሳ ዓይነት ዓሣ ይይዛል። አንዳንዱ በቀን አሥር ጊዜ ይመጣል፤ አንዳንዱ ወር ቢጠበቅም ፊቱን አያሳይም።

አባቴ መጀመሪያ «ጣና አጠገብ ተቀምጦ የስልክ ዓሣ!» ብለው ሳቁብኝ። ከሳምንት በኋላ ግን እኔ ከሥራ ስገባ ሰላምታዬን ሳይመልሱ ስልኩን ወደ እኔ ያዞሩ ጀመር። የዓሦቹ ስም በእንግሊዝኛ ስለሆነ የራሳቸውን ስም አወጡላቸው። አምባዛ የሚመስለውን፣ አፉ የተንጋደደውን «ኮስታራው» አሉት። ሆዱ የተነፋው «ፎርማኑ» ሆነ፤ ማንን አስበው እንደሆነ አልነገሩኝም፣ ግን ባዩት ቁጥር ይስቃሉ። ጭራው ቀይ፣ ጀርባው በወርቅማ መስመር የተዥጎረጎረው ደግሞ «ሙሽራው» ተባለ። ሙሽራው ከሁሉም የባሰ ብርቅ ነበር፤ ሥዕሉን ብቻ ነው የምናውቀው።

ጨዋታው ውስጥ የመለዋወጫ ክፍል አለ። የተደጋገመብህን ትሰጥና የሌለህን ከሌላ ተጫዋች ትወስዳለህ። እሱን ያገኙት አባቴ ናቸው።

«አንቺ ሁለት ኮስታራ አለሽ አይደል?» አሉኝ አንድ እሑድ። «አንዱን ስጭኝና ፎርማን ልስጥሽ።»

«አይሆንም፣ አባዬ።»

«ለምን?»

«ከተለዋወጥን ምኑን ሰበሰብነው? በሁለት ቀን ያልቃል። ደስ የሚለው እርስዎ ራስዎ ጠብቀው ሲይዙት ነው።»

«እኔ ከሌላ ክፍል መካኒክ ጋር ዕቃ እየተለዋወጥሁ ስንት የቆመ ማሽን አስነሥቻለሁ። ማነው ቀላል ነበር ያለኝ?»

«ያ ሥራ ነው፣ አባዬ። ይሄ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ከቀለለ ምን ቀረው?»

ትንሽ አሰቡና «እሺ፣ እንዳልሽ ይሁን» አሉ። ስናገር አምኜበት ነበር። ድምፄ ግን ተማሪ የሚገሥጽ ሰው ድምፅ እንደነበር አሁን ሳስበው ይሰማኛል። አባቴ ኮስታራውን ለመያዝ አሥራ ሰባት ቀን ፈጀባቸው። አሥራ ሰባቱንም ቀን ትርፉ ኮስታራ እኔ ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ሦስተኛው ወር ላይ እኔ ሦስት ዓሣ ቀረኝ፤ እሳቸው አራት። ቀድሞ በብዙ እመራቸው ነበር። ቀኑን ሙሉ ቤት ስለሚውሉ እየደረሱብኝ መጡ፤ በአንድ ቀን ሁለት ብርቅ ዓሣ ይዘው «ዛሬ ተጠንቀቂ!» ሲሉኝ ሳቅሁ፣ ውስጤ ግን ቅር አለው። ከሕመም ለሚያገግም ለገዛ አባቴ ቀናሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ፈተና ላይ ስለነበሩ ቤተ ሙከራው ባዶ ነበር። ላየው ብቻ ብዬ የመለዋወጫውን ክፍል ከፈትሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሦስቱም ገቡልኝ። ሙሽራውን የሰጠኝ ሰው የት አገር እንደሚኖር እንኳ አላውቅም። አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በሙሽራው ምትክ የጠየቀኝ ሁለት ፎርማንና አንድ ኮስታራ ነበር። ያን ለአባቴ የከለከልሁትን ኮስታራ ነው የሰጠሁት።

አልበሙ ሲሞላ ስልኩ ላይ ባለቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት ዘነበ። ደስታውን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። የሙከራ ብርጭቆዎቹን ማጠብ ጀመርሁ።

ለአባቴ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው ወደ ቤት የገባሁት። ጫማዬን ሳወልቅ ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው አልበሙን ከፍተው ቆዩኝ።

«ሙሽራውን! ያዝሽው!» አሉ። በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡና ግንባሬን ሳሙኝ። ከተሰበሩ ወዲህ ያለ ሰው እርዳታ ሲነሡ ያየሁት ያን ቀን ነው። «የት ነው የያዝሽው? በምን?»

«ሁለተኛው ሐይቅ ላይ፣ ሸንበቆው ጋ» አልሁ። «በትል።»

«ስንት ሰዓት?»

«በምሳ ሰዓት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ በምሳ ሰዓት ሁለተኛው ሐይቅ ላይ፣ ሸንበቆው ጋ፣ በትል መንጠቆ ይጥሉ ጀመር። አንዳንድ ቀን ሥራ ቦታ ይደውሉልኛል። «እስካሁን ብቅ አላለም። ትሉ ትልቁ ነው ትንሹ?» ይሉኛል።

«ትንሹ» አልኋቸው አንድ ጊዜ፤ ከአጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ ፈገግ አለች፣ ጥሩ ልጅ መስያት።

ሌላ ቀን የጨዋታውን መመሪያ ሳነብ ሙሽራው የሚገኘው አምስተኛው ሐይቅ ውስጥ ብቻ እንደሆነ አየሁ። ሁለተኛው ሐይቅ ላይ ዕድሜ ልክ ቢጠበቅ አይመጣም። ነገ እነግራቸዋለሁ አልሁ። ሦስት ሳምንት ነገ እያልሁ አለፈ። እሳቸው መንጠቆውን እያዩ ዝም ብለው ሲጠብቁ እኔ ወደ ጓዳ እሄድ ነበር።

በዚሁ መሐል ዳሌያቸው ሲበረታ ቅዳሜ ቅዳሜ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዱ ጀመር። ዛፍ ጥላ ሥር ሁለት የፋብሪካው ጡረተኞችና አንድ ከወረታ የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ይጠብቋቸዋል። ነጋዴውን ሁሉም «ሐጂ» ይሏቸዋል፤ ሱቁን ለልጆቻቸው ትተው ግሽ አባይ ሰፈር ተቀምጠዋል። ጨዋታውን አባቴ አስተምረዋቸው እሳቸውም ተይዘውበታል።

አንድ ቅዳሜ እኔም አብሬ ሄድሁ። አባቴ ገና ሳይቀመጡ «ስልክሽን አምጪ» አሉኝ። «ይሄው፣ እዩዋት! ስድሳውንም ሳትለዋወጥ፣ በገዛ እጇ ነው የያዘችው። እኔ ልለዋወጥ ስል እንኳ እምቢ ያለች ልጅ ናት።»

ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ተቀበሉ። ዓሦቹን አንድ በአንድ እየነኩ አዩ። ሙሽራው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና ሥዕሉን ገለበጡት። ሥዕሉ ጀርባ እንዳለው እኔ አላውቅም ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ በልውውጥ የመጣ ነው እኮ» አሉ፤ ተንኮል አልነበረባቸውም። «ይቺ ሁለት ቀስት ያለባት ምልክት የልውውጥ ናት። እኔ ጋ ግማሾቹ አሏቸው።»

ሁለቱ ጡረተኞች ወደ እኔ ዞሩ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ቀዝቃዛ ነበር፤ ፊቴ ግን ነደደ። አባቴ ስልኩን ተቀብለው ክንዳቸውን ዘርግተው ከሩቅ አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«እኔ ነኝ ለውጪ ያልኋት» አሉ። «የሰው ነገር፣ ረስቼው ነው።»

አባቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ፋብሪካ ውስጥ የሌላ ሰው ጥፋት በሚደብቅ መዝገብ ላይ አልፈርምም ብለው እድገት የቀረባቸው ሰው ናቸው። በዚያ ሁሉ ዕድሜ ያልዋሹትን፣ እኔ እንዳላፍር ብለው በሦስት ሰው ፊት ዋሹ። ሐጂም «እንዲያ ነው እንጂ» አሉ፤ አባቴ ስልኩን መለሱልኝ። እኔ «አይ፣ እሳቸው አያውቁም፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ደፍቼ ውሃውን አየሁ።

በባጃጅ ተመለስን። ቤት ደርሰን በሩን ስከፍት ከኋላዬ ጠየቁኝ።

«ሸንበቆው ጋ ይኖራል?»

«አይኖርም።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሦስት ሳምንት ሆኖኛል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «መለወጥሽ ምንም አልነበረም» አሉ። «እኔም እኮ እንለዋወጥ ብዬሽ ነበር። ግን ደውዬ ትሉን ስጠይቅሽ…» አሉና ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባዬ» አልሁ።

«ይቅር ብያለሁ። ይልቅ የሚበላ ነገር አቅርቢ።»

እንዲህ በቀላሉ ይቅር መባል ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያቀረብሁትን በሙሉ በሉ፤ እኔ ሳህኑን አጠብሁ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ከሐጂ ጋር በግልጽ መለዋወጥ ጀመሩ። እኔ ቀላል ያልሁት ነገር እነሱ ዘንድ ቀላል አልነበረም። ለአንድ ዓሣ ሁለት ቅዳሜ ይከራከራሉ። ሐጂ እንደ ጨርቅ ገበያ «ጨምር» ይላሉ፤ አባቴ «የፎርማን ዋጋ አታውቅም» ይላሉ፤ መሐል ላይ የወረታ ሱቅና የፋብሪካው ወሬ ይገባና ዓሣው ይረሳል። ሙሽራውን ሐጂ የሰጡት በሦስት ዓሣና በአንድ የልብስ ስፌት መኪና ጥገና ነው። መኪናው የሟች ባለቤታቸው ነበር፤ ከሞቱ ወዲህ ተነክቶ አያውቅም። አባቴ ግሽ አባይ ድረስ አራት ቀን ተመላልሰው አስነሡት። የመጨረሻው ቀን እጃቸው በዘይት ጠቁሮ፣ እየዘፈኑ ገቡ። ሐጂ መኪናው ሲዞር ሰምተው ወደ ውጭ ወጥተው እንደቆዩ ነገሩኝ።

አልበማቸው ሲሞላ አሳዩኝ። ሙሽራውን ገልብጠው ጀርባውን፣ ሁለቱን ቀስቶች አስቀድመው አሳዩኝ፤ ኩራታቸው እዚያ ላይ ነበር። ሁለታችንም ያንኑ ዓሣ በልውውጥ ነው ያገኘነው። የእሳቸውን ሐጂም ያውቃሉ፣ ጡረተኞቹም ያውቃሉ፣ መንደሩም ሰምቷል። የእኔን የሰጠኝ ሰው መኖሬንም አያውቅም።

ጨዋታውን ከስልኬ ላይ ካጠፋሁት ቆየሁ። ባለፈው ሰሞን አባቴ አዲስ አልበም እንደወጣ ሰምተው «አንቺ ለምን ተውሽው? እንደገና አብረን እንጀምር» አሉኝ። ያ ቅዳሜ ትዝ ብሏቸው እንደሆነ ፊታቸውን አየሁ፤ ምንም አያስታውቅም። እሺ ለማለት አፌን ከፈትሁ።

«ሥራ በዝቶብኛል፣ አባዬ» አልኋቸው።

«እንግዲያ ሲቀልልሽ» አሉና ወደ ስልካቸው ተመለሱ።