ከበር የማያልፈው መሶብ

በዛብሽ የጀመረችውን ሳትጨርስ የምታድር ሴት አልነበረችም። ከጁባ ድልድይ ማዶ፣ ሸሪካት በሚባል ሰፈር፣ ምግብ ቤት በነበራት ጊዜ ሳህኑን ሳይጠርግ የሚነሳ ደንበኛ እንኳ ቁጣዋን ይቀምስ ነበር። ጎርፍ መጥቶ ምግብ ቤቷን ከነድስቱ ከወሰደው ወዲህ ግን ከቤት አልወጣ አለች። ወሬዋም ከተበላሸው ፍሪጇ ጋር ብቻ ሆነ። ፍሪጁ ማዳመጥስ ያዳምጣል፤ መልስ ግን አይሰጥም።

ደግነቱ ጎረቤቷ ኛቦል፣ ጋምቤላ ያደገች ነገረኛ፣ ጎርፍ ላፈናቀላቸው ሴቶች ወደተከፈተው የስፌት ቤት እየጎተተች ወሰደቻት። እዚያ ሳር አለ፣ ወስፌ አለ፣ ወሬማ ሞልቷል። በዛብሽ ብዙም ሳትቆይ መሳቅ ጀመረች፤ ያውም ወስፌው ከእጇ እስኪወድቅ።

አንድ ክፉ ደንብ ግን ነበር፦ ሥራዋን የጨረሰች ትመረቅና ቦታዋን ለሌላ ትለቃለች። በዛብሽ ይህን ስትሰማ ክው አለች። እንደገና ከፍሪጁ ጋር? በጭራሽ! ሌሎቹ ጠርዛቸውን ሲቋጩ እሷ መሶቧ ላይ አንድ ዙር ጨመረች። ከዚያም ሌላ ዙር። አሠልጣኟ መቅደላዊት፣ "እትዬ፣ አልበቃዎትም?" ስትላት፣ "ቤተሰቤ ብዙ ነው" ትላለች። ቤተሰብ የላትም። መሶቡ አደገ፣ አደገ፣ በመጨረሻ እሷው ውስጡ ተቀምጣ ትሠራ ጀመር።

የምረቃው ዕለት ሁሉም ሥራቸውን ይዘው ወደ ግቢው ወጡ። የበዛብሽ መሶብ በሩ ላይ ተቀረቀረ። ሴቶቹ ከውጭ ይጎትታሉ፤ እሷ ደግሞ ከቤቱ ውስጥ ሆና መግፋት ሲገባት በሙሉ ኃይሏ ወደ ራሷ ትስባለች።

"እትዬ፣ ወዴት ነው የሚጎትቱት?" ብላ ጮኸች መቅደላዊት።

"አልወጣም!" አለች በዛብሽ። "ወጥቼ ወዴት ልሄድ? ቤቴ ማንም የለም።"

ሴቶቹ መጎተታቸውን ተዉ። ኛቦል ጎንበስ ብላ መሶቡን መረመረችው።

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም" አለች። "ክዳኑ የታለ? ክዳን የሌለው መሶብ አለቀ ይባላል እንዴ?"

መቅደላዊት መሶቡን አየች፤ ከመሶቡ በላይ ብቅ ያለውን እንባ ያቀረረ ዓይንም አየች።

"አላለቀም" አለች። "መልሱት።"

ሴቶቹ እየተጋፉ መሶቡን ወደ ውስጥ መለሱት። ከዚያ በኋላ ግን ወደ መመረቂያው ወንበር የሄደ የለም። አንዷ ሙዳይዋን ገለባብጣ አየችና፣ "ለካ የኔም ክዳን የለውም" አለች። ሌላዋም እንዲሁ።

"የኔም የለውም" አለች ሉባባ፣ ክዳን ኖሮት የማያውቀውን ሰፌዷን ከፍ አድርጋ።

መቅደላዊት ሳቋን ዋጥ አደረገች።

"እንግዲያው አዲሶቹ ሲመጡ ጠጋ ጠጋ በሉላቸው።"