የመጣበትና የቀረበት ወር

ትናንት ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፒያሳ አንድ ጭማቂ ቤት ሒሳብ ልከፍል ቆሜ ነበር። ነፍሰ ጡሯ ገንዘብ ተቀባይ ለአስተናጋጇ «ገና አንድ ወር አለኝ። መስከረም ነው የቀረብኝ፤ ለነርሷም መስከረም ብዬ ስነግራት ሰኔ ትወልጃለሽ ብላኛለች» ስትላት ሰማሁ። ልናገር አፌን ከፈትሁ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። መልሴን ተቀብዬ ወጣሁ።

እህቴ ትዕግሥት የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ እኛ ጋ ነበር የምትኖረው። ጤና ጣቢያ ሦስታችን ሄድን። ነርሷ «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ መጣ?» ስትላት ትዕግሥት እናታችንን አይታ አቀረቀረች። እኛ ቤት ይህ እናት ፊት አይወራም። እማዬ ፈጥና «ሰኔ» አለችላት። እማዬ የምትቆጥረው ደሙ ከቀረበት ወር ነው፤ ነርሷ ለመጨረሻ ጊዜ ከመጣበት። አንድ ወር በመካከላቸው ጠፋ። ነርሷ በጣቷ ቆጥራ «መጋቢት አጋማሽ» አለች።

የካቲት በአቧራው አለቀ። ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል፣ የተጠበሰ ዓሣ ካልመጣልኝ ስትል የነበረችው እህቴ ሽታውንም ጠላች። ጎረቤታችን እትዬ አስናቀች ሆዷን ባዩ ቁጥር «ይሄስ እልኸኛ ተከራይ ነው፣ ውጣ ቢሉት አይወጣም!» ይሉ ነበር። እንስቅ ነበር።

መጋቢት በገባ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት፣ ቁርሷን ሳትነካ «እማ፣ ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም» አለች።

«ቦታ ጠቦት ነው የኔ ልጅ። ቀንሽ ገና ነው።»

ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ብዙ አመላለሰ።

«ሰኔ ያላችሁት የመጣበት ነው ወይስ የቀረበት?»

«የቀረበት» አለች እማዬ።

ሐኪሙ «ቀኗ ካለፈ ሰንብቷል» ብሎ እጁን አነሣ። ልጅቷ ሞታ ተወለደች። ጥፍሮቿ ከጣቶቿ ጫፍ አልፈው አድገው ነበር። ከዚያ ወዲህ እማዬ ሰኔን በስሙ አትጠራውም፤ «የክረምቱ መግቢያ» ትላለች።

እኔ አስተናጋጅ እንኳ ጮክ ብዬ መጥራት የሚያሳፍረኝ ሰው ነኝ። ግን እህቴ ያን ቀን ያቀረቀረችው በዚሁ ዕፍረት ነበር። ዛሬ ጠዋት ጭማቂ ቤቱ ሰው ሳይገባበት ሄድሁ።

«ይቅርታ እህቴ፣ አታውቂኝም። ትናንት መስከረም ስትዪ ሰማሁ፤ ነርሷ የጠየቀችሽ የወር አበባሽ የመጣበትን ነው ወይስ የቀረበትን?»

«ውይ፣ በጠዋቱ!» ብላ ሣቀች። ከዚያ ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች፤ መልሳ ዘረጋቻቸው፤ እንደገና አጠፈች። ሣቋን ተወች።

ወጥቼ ባጃጅ አስቆምሁላት።