እስከ በሩ ሸኚኝ

ልጄ ነርሰሪ በገባች ሰሞን አማቴ ከአምባ ጊዮርጊስ ደወሉ። ማልቀሷን ባለቤቴ ነግሯቸዋል፤ እሱ ከእናቱ የሚደብቀው ነገር የለውም። የሦስት ዓመት ሕፃን ከእናቷ ጉያ አውጥቶ ለባዳ መስጠት ምን የሚሉት ሥልጣኔ እንደሆነ ጠየቁኝና፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልለመደች መጥተው እንደሚወስዷት ቁርጡን ነገሩኝ። እሳቸው ዘንድ ወተቱም አለ፣ ንጹሕ አየሩም አለ። እኔ ደግሞ እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር በምሠራበት ቤተ ሙከራ ፈቃዴ አልቋል፤ ሞግዚቷም አግብታ ሄዳለች። ያም ሆኖ እንኳን አማቴ፣ ንጉሥ ቢመጣም ልጄን አልሰጥም።

ነገሩ የተበላሸው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። መምህሯ፣ ደግ ልጅ ናት፣ ሕፃኗ በመጫወቻ ስትጠመድ ሹልክ ብዬ እንድወጣ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ሁሉም እናት እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እኔም ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ልጄ ቤት ውስጥ እንኳ ቀሚሴን አልለቅም አለች። ሽንት ቤት ስገባ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ጠዋት ክፍሉ በር ላይ እንደ መዥገር እግሬ ላይ ትጣበቃለች፤ ሲያላቅቋት ጩኸቷ አስፋልቱ ድረስ ይከተለኛል።

አንድ እሑድ አማቴ ሁኔታውን ሊያዩ መጡ። ውለው ሲነሱ በወጉ እደሩ ብለን ለመንናቸው፤ እሳቸውም እንደ ሁልጊዜው “ይመሽብኛል” አሉ። ልጄ ሮጣ ጃንጥላቸውን አመጣች። ጣታቸውን ይዛ እስከ ታክሲው ሸኘቻቸው፣ ግንባሯን ስመው መረቋት፣ እጇን አውለበለበችና ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። አንዲት ጠብታ እንባ የለም። ስለማትወዳቸው አይደለም፤ ከእኔ ይልቅ አያቷን ትወዳለች፤ ይህን ስጽፍ አሁንም ትንሽ ይቆረቁረኛል። ያኔ ግን ገባኝ። አያቷ ጠፍተውባት አያውቁም፤ የሚሄዱት ሁልጊዜ እሷ ሸኝታቸው ነው። እኔ የወጣሁት እንደ ሌባ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ክፍሉ በር ላይ ቦርሳዬን አስያዝኳት።

“ይኼ ያንቺ ቤት ነው፣ እኔ እንግዳ ነኝ” አልኳት። “አሁን ልሄድ ነው። እስከ በሩ ሸኚኝ።”

መምህሯ ሕፃን ወደ ግቢው በር አይወጣም አለች። እኔ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም፤ እየሳቅኩ ተከራከርኳት፣ በመጨረሻ የልጄን ሌላ እጅ ይዛ አብራን ወጣች። ልጄ እያለቀሰች ሸኘችኝ። እያለቀሰችም ቢሆን በገዛ እግሯ ተመለሰች፣ ማንም አልጎተታትም። በማግስቱም አለቀሰች። እያደር ግን ለቅሶው ወደ ክርክር ተለወጠና “ምነው ቸኮልሽ? እደሪ እንጂ” ትለኝ ጀመር፣ ቁርጥ ባለቤቴ እናቱን ሲለምን። እኔም ሥራ እንዳለብኝ፣ ከምሳ በኋላ መጥቼ እንደምወስዳት ነግሬ እስማታለሁ። ባልኩት ሰዓትም እገኛለሁ፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ወሩ ሲያልቅ አማቴ እንዳሉት መጡ። ልጄ እሳቸው ዘንድ ስትሆን የምትለብሳትን ትንሽ ጋቢ አሠርተው፣ በፌስታል ይዘዋል። ጠዋት ይዘዋት ሊሄዱ ነውና ለአንድ ጊዜ አደሩ፤ ማታ ምንም አልተከራከርኩም። ጠዋት አብረውን ይምጡና በዓይንዎ ይዩ ብቻ አልኳቸው።

ልጄ የዚያን ዕለት ሁለት እንግዳ ነበራት። የእኔን ቦርሳ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የአያቷን ጃንጥላ መሬት ለመሬት እየጎተተች እስከ በሩ መጣች። ለየባለቤቱ አስረከበች። እኔ ስሜያት ወጣሁ። አማቴ ግን አሁን ታለቅሳለች፣ አሁን ታለቅሳለች ብለው ፌስታሉን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ልጄ ቀና ብላ አየቻቸው።

“እማማ፣ በይ ሂጂ። ይመሽብሻል።”

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። መምህሯ ሳቀች። እኔም ልስቅ ስል የአማቴን ፊት አየሁና ተውኩት። ማሸነፌ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም፤ እሳቸው ግን አንጀቴን በሉት። ጋቢዋን ከፌስታሉ አውጥተው ልጄ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉላት።

“ጎንደርም ጠዋት ይበርዳል” አሉ። “ሸጋ አድርጋ ሸኘችኝ።”

ባዶውን ፌስታል አጣጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱ። እኔም እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው።