«ታስመስላለች» ያልኋት ልጅ

ዛሬ ጠዋት የእህቴ ልጅ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ «አክስቴ» ብላ ጠራችኝ።

ብቻዋን ስታወራ፣ ስትጮህና ስትንቀጠቀጥ «አብዳለች» ብለን ነበር። ሐኪሞች ግን እንቁላል ማምረቻዋ ላይ ፀጉር ያበቀለ ዕጢ አግኝተው ባለፈው ሳምንት አወጡላት።

ሐኪሟን ምክንያቱን ጠየቅሁት። «ሰውነት ይህን ዕጢ ሲዋጋ አልፎ አልፎ አንጎልንም አብሮ ያጠቃል» አለኝ።

ቤተሰቡ እልል ሲል እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስሁ።

በደርግ ጊዜ ፔዳጎጂ ኮሌጅ (ፔዳ) ስንማር አበራሽ የምትባል የእንፍራንዝ ልጅ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ልንወጣ ስንል እሷንም ልክ እንደ እህቴ ልጅ አደረጋት።

የዘመቻው ኃላፊ ጠርቶ ሲጠይቀኝ፣ «ዘመቻውን ፈርታ ታስመስላለች» አልሁት። (ያኔ ለኃላፊ እንዲህ ያለ ወሬ ማቀበል ያስወድድ ነበር፤ እኔም መወደድ አልጠላሁም።)

በዚህ የተነሳ ሐኪም ቤት የወሰዳት አልነበረም። ከሳምንት በኋላ አባቷ መጡና «ልጄን ምን ነካብኝ?» አሉኝ።

«እንጃ፣ አባባ» አልኋቸው።

አገሯ ወሰዷት። በወሩ ሞተች።

ሕመሟ ይኸው ይሁን አይሁን አላውቅም። መታመሟን ግን ያኔም አውቅ ነበር።

እናንተስ፣ የታመመን ሰው «ያስመስላል» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ቢከብዳችሁም አልፈርድም። እኔ ይህችን ለመጻፍ አርባ ዓመት ፈጅቶብኛል።