የመታጠቢያ ቤቱ በር

በሕንፃው ያለ ሰው ሁሉ «ሞተር» ነው የሚለው። ዕድሜ ልኩን ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ቢወጣም፣ አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልሆንልህ አለው። ደረጃውን ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ያልተበላሸ ቧንቧ ይፈታል። ጎረቤቶቹ «ሥራ ቢይዝ ይሻለናል» ብለው የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር አደረጉት። ከመረጡት ወዲህ ግን እፎይ ያለ የለም።

የቤት እድሳት ደንቡን ያወጣው እሱ ነው። ግድግዳ ለማፍረስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ መሐንዲስ ያሳያል፤ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ያሉትን ጎረቤቶች ያስፈርማል፤ ከዚያ ኮሚቴው ያጸድቅለታል። ደንቡ ክፉ አይደለም። አንዱ ሳሎኔን ላስፋ ብሎ ምሰሶ ቢነካ መከራው ለሁሉም ነው። ችግሩ ሞተር ራሱ ነው፤ ደንቡን የአባቱ ርስት አስመሰለው።

ዘንድሮ የሚስቱ እግር ከዳት። ተሽከርካሪ ወንበሯ ሳሎኑ ውስጥ እንደ ልቡ ይሄድና የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ በሩ ጠባብ ነው። ስለዚህ ሞተር አቅፎ ያስገባታል፣ አቅፎ ያወጣታል። ወገቡ ደግሞ ከጡረታው በፊት ያለቀ የሾፌር ወገብ ነው። በሩ መስፋት አለበት፣ ሌላ መላ የለም።

መሐንዲሱ መጣና ግድግዳውን አንኳኩቶ «ይህ ሸክም የለበትም፣ ይፈርሳል» አለ። የታችኛውም የጎኑም ጎረቤት ፈረሙ። የቀረችው ከላይ ያለችው ፀጉር ሠሪ ናት። እዚህ ላይ ሞተርን ላብ አጠመቀው።

እሷም አባቷን ልታስታምም ባመጣች ጊዜ የራሷን መታጠቢያ ቤት በር ለማስፋት ጠይቃ ነበር። ከታች ሆኖ የሚፈርምላት ማን ነው? ሞተር! «ጣሪያዬ ይሰነጠቃል» ብሎ እምቢ አለ። መሐንዲሱ አይሰነጠቅም ቢለው፣ ቢለው፣ ወይ ፍንክች። ሽማግሌው በሩ እንደ ጠበበ አረፉ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚባለው ይኸው ነው።

ሞተር ሳምንቱን ሙሉ ደረጃው ላይ ተንከራተተ። በሯ ድረስ ይወጣል፣ እጁን ያነሳል፣ ሳያንኳኳ ይመለሳል። በሩ በራሱ ጊዜ የሚሰፋ ይመስል ደጋግሞ ይለካዋል። አንድ ከሰዓት ትዕግሥቱ አለቀና መዶሻውን አነሳ።

«አንተ ሰው» አለችው ሚስቱ፣ «ያን ሁሉ ደንብ ለማን ነበር ያወጣኸው?»

መዶሻውን አስቀምጦ፣ የፊርማውን ወረቀት ይዞ ወጣ። አሁን ግን በሯን አንኳኳ።

ፀጉር ሠሪዋ ከፈተችለት። «ልጄ፣ እኔ እንኳ...» ብሎ ሳይጨርስ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችና ግድግዳው ላይ አስደግፋ ፈረመችለት። እሱ ስድብ ለመቀበል ነበር ተዘጋጅቶ የመጣው። ቢሰድቡት ይቀለው ነበር።

«ጋሼ፣ ባለቤትዎ ውሃ ይጠጣሉ?» አለችው።

«ምን?»

«ውሃ። አባቴ መጠጣት ትቶ ነበር። እኔ የምግብ ፍላጎቱ ተዘጋ ብዬ መድኃኒት ለመግዛት ስሮጥ፣ ለካ ለሽንት መታጠቢያ ቤት እንዳልሸከመው ብሎ ነው ራሱን የሚያስጠማው። መጨረሻ ላይ ኩላሊቱ እምቢ አለ።»

ሞተር በየማታው ሚስቱ ራስጌ የሚያስቀምጠውን ብርጭቆ በየጠዋቱ እንደ ሞላ ሲደፋው ምንም አልጠረጠረም። ሞኝ! ይቅርታ ሊጠይቃት አፉን ከፈተ።

«ይሂዱ፣ ጋሼ» አለችው። «ደግሞ እንዳይቆጧቸው።»

ደረጃውን በሩጫ ወረደ። ውሃ ቀድቶ ለሚስቱ ሰጣት። ብርጭቆውን አየች፣ ቀጥላ ወገቡን አየች።

«በሩ ይስፋና እጠጣለሁ» አለች።

«አሁን ጠጪ፤ እሸከምሻለሁ።»

አመነታችና ጠጣች፤ እስከ መጨረሻው፣ ሳታርፍ። አፏን ጠረገችና ወረቀቱን ተመለከተች።

«ፈረመችልህ?»

«ወዲያው።»

«አንተስ ያኔ ለምንድነው ያልፈረምክላት? የጣሪያውን ነገር ተወውና እውነቱን ንገረኝ።»

ሞተር መሬት መሬት አየ።

«እኔን ሳታማክር መሐንዲስ አምጥታ ነዋ» አለ።