ለጋው ዱባ

ፀዳ ከተማ ውስጥ፣ ከሰፈራችን ጉልት ዝኩኒ ሳነሳ ሻጯ "ለጋ ነው፣ ዛሬውኑ ሥሪው፤ አይቆይልሽም" አለችኝ። የአረንጓዴው ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ፊቴ ጋለ።

ልጅ ሳለሁ፣ በፍልሰታ ጾም፣ የአባቴ ታላቅ እህት ከአይከል መጣች። ከነጠላዋ ውስጥ ከመዳፏ ብዙም የማይበልጥ ዱባ አውጥታ ለእናቴ ሰጠቻት። ገና አረንጓዴ ነው፤ ላዩ ላይ ጥቃቅን ፀጉር አለው። እናቴ የከተማ ልጅ ናት። ዱባ የምታውቀው ቅርፊቱ ጠንክሮ፣ ገበያ ላይ ተቆርጦ ሲሸጥ ነው። "ይብሰል" ብላ ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጠችው። እኛም ቢጫ እስኪሆን እየሄድን እናየው ነበር።

ጾሙ በተፈታ ሰሞን አክስቴ ተመልሳ መጣች። ገና በሩን ስታልፍ ሽታው ተቀበላት። ቀና ብላ አየችና ዱባውን ብትነካው ጣቷ ሰመጠ።

"እስኪበስል ብዬ እኮ ነው፣ እትዬ" አለች እናቴ።

"ምነው እቴ! በለጋው እንድትበሉት ነበር። ከሐረጉ ቀድሞ የያዘው እሱ ነው፤ ልጆቼ ዓይናቸውን ጥለውበት ሳለ ለእናንተ ብዬ ቆረጥሁት።"

እናቴ "ፍሬውን ለዘር ላስቀምጠው?" አለች።

"ሳይደርስ የተቆረጠ መች ይበቅላል?"

አክስቴ አልተቆጣችም። የበሰበሰውን አውጥታ ጣለችና ያመጣችበትን ነጠላ ጫፍ አጥፋ የፍሪጁን አናት ጠረገችልን። እናቴ ቆማ ታያለች።

አሁን ጉልቱ ላይ ሻጯ ፌስታሉን ከፍታ ትጠብቀኛለች። ዝኩኒውን ልከተው፣ ልመልሰው፣ አላውቅም።